ሻጋታ ያልበቀለባት ክብ

ኳ፣ ኳ፣ ኳ… ዱም።

ምን እንደሆነ ማየት አልቻልኩም። ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር አጎንብሼ፣ ራሴን በሳሙና አረፋ ሞልቼ፣ ሁለት ዓይኔን ጥርቅም አድርጌ ጨፍኜ ነበር። ድምፁ የሚመጣው ከክፍሌ ነው። ደግሞ፣ ኳ፣ ኳ… ዱም። የስፓቱላ እጀታ ግድግዳ ሲመታ እንዲህ ይላል። ግድግዳን እንደ ሰው ቤት በር አንኳኩቶ፣ መልስ እስኪሰጠው አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ በሕይወቴ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ቀለም ቀቢዋን። ልቤ ከራሴ ብሳ አረፋ ደፈቀች።

ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ጠብቄያታለሁ። ስትመጣ ምን ለብሼ፣ የት ጋ ተደግፌ፣ ምን ብዬ እንደምቀበላት ስንቴ በሐሳቤ ተለማምጄዋለሁ። በአንዱም ልምምድ ውስጥ ግን ቁምጣና አረፋ አልነበረም። ቶሎ ልለቃለቅ ብዬ እጄን ወደ ቧንቧው ስሰድ ውሃው ሁለቴ ተንተፋተፈና ሄደ።

«ደመናው፣» አለች አክስቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ቶሎ ግባ። ዛሬ ይለይልሃል።»

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ፎቶ ኮፒ ቤት ከተቀጠርኩ ጀምሮ እሷ ቤት፣ ከኋላ ባለችው ክፍል እኖራለሁ። ስሄድ ከምሰሶ ጋር ስለምላተም፣ ስበላም ማንኪያው አፌ ደጃፍ ደርሶ ስለሚቆም «ደመናው» አለችኝ፤ ስሙ ተለጥፎብኝ ቀረ፣ አሁን ደንበኞቿም ይጠሩኛል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግን የብቻዬ ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥን፣ በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛኋት ማንቆርቆሪያ፣ አንድ መስኮት። ተጋድሜ ኮርኒሱን እያየሁ ስንት አገር ደርሼ ተመልሼባታለሁ። እንከኗ አንድ ነው፤ ትሻግታለች።

ሻጋታው ደግሞ እንደ ቀለም እኩል አይዳረስም። በመንገዱ በኩል፣ ጥጉ ላይ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ አንድ ቀጭን ጥቁር ሰውዬ ቆሞ ነበር። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የዝሆን መንጋ ይንጋጋ ነበር። ካላንደሩን ባነሣው ከኋላው ልክ እሱን የሚያህል ሌላ ጥቁር ካላንደር አገኘሁ፤ ቀኑ ብቻ ነው የጎደለው። ከዳቦ ቤቱ ጋር የምንጋራው ግድግዳ ግን፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ እንደ ተላጨ አገጭ ንጹሕ ነበር። ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው ይህን ሲሰሙ የወንደላጤ ትንፋሽ ነው ብለው ፈረዱ፤ ልጁ ትዳር ሲይዝ ይለቃል፣ በከንቱ አትድከሙ አሉ።

አክስቴ ግን በግምት አታምንም። ቅዳሜ ቅዳሜ የስፌት ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ትመጣና የሻጋታውን ዳር ዳር በልብስ ጠመኔዋ ትከብበዋለች፤ ከጎኑም ቀኑን ትጽፋለች። በሳምንቱ የገፋ እንደሆነ አዲስ መስመር ታክልበታለች። ግድግዳዬ ሦስት ትከሻ ላለው ሰው ኮት ሊቆረጥበት የተዘረጋ ጨርቅ ይመስል ነበር። በመጨረሻ ሜትሩ አለቀና ቀለም ቀቢዋን አስጠራች። እኔና እሷ የተገናኘነው እንዲህ ነው።

ስትቀባ አንዲት ጠብታ ወለል ላይ ስለማትጥል ሰፈሩ «ጠብ አይሌ» ይላታል። ሻጋታውን በበረኪና አጠበችው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀችው፤ አድርቃ ሁለት ጊዜ ቀባችው። ሁለት ቀን ፈጀባት። በነዚያ ሁለት ቀናት ከፎቶ ኮፒ ቤቱ አሞኛል ብዬ ቀረሁ፤ ውሸትም አልነበረም። መሰላሏን ያዝኩላት። መሰላሉ ራሱን ችሎ የሚቆም ባለ አራት እግር መሆኑን የነገረችኝ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ስትጨርስ ብሩሿን እያጠበች መከረችኝ። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አታጣብቅ፣ እርጥብ ልብስ ክፍል ውስጥ አትስቀል፣ መስኮት ዘግተህ ውሃ አታፍላ፤ ያለዚያ ሻጋታው ይመለሳል አለችኝ።

«ከተመለሰስ?» አልኳት።

«ከተመለሰ እመለሳለኋ» አለችና ባልዲዋን አንጠልጥላ ሄደች።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ወር ሙሉ በትዕግሥት ጠበቅኩ። አክስቴም በየቅዳሜው ጠመኔዋን ይዛ እየመጣች ባዶ እጇን ትመለስ ነበር። ግድግዳው እንደ ሙሽራ ነጭ ሆኖ ቀረ። በአምስተኛው ሳምንት ትዕግሥቴ ተሟጠጠ፤ ሦስቱን «አታድርግ» አንድ በአንድ ማድረግ ጀመርኩ።

ቁም ሣጥኑን ገፍቼ አጣበቅኩት። ካልሲዎቼን ከነውሃቸው አልጋው ራስጌ ላይ ደረደርኩ። ከሥራ ስመለስ መስኮቱን ዘግቼ ማንቆርቆሪያዋን ጠረጴዛው ላይ እጥዳለሁ። የኤሌክትሪክ ስለሆነች ውሃው ሲፈላ በራሷ ትጠፋለች፤ ክዳኗን ከፍቼ ከተውኳት ግን አትጠፋም፣ ስትንተከተክ ትቆያለች። ብዙ አልተመኘሁም። ጥፍር የምታህል፣ ጨዋ የሆነች ሻጋታ፤ አክስቴ የምታያት፣ ግን የማትናደድባት። ቦታም መረጥኩላት። ከጠረጴዛው በላይ፣ ዓይን በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ፣ ሳንቲም የምታህል ክብ በእርሳስ ሠራሁላት። ከዚያ እንፋሎቱ መሐል ተቀምጬ፣ ጸጉሬ ግንባሬ ላይ ተለጥፎ፣ ዘር እንደ በተነ ገበሬ ክቧን አፍጥጬ እጠብቃለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ብቻዬን እስቃለሁ፤ ዘፈንም ጀምሬ ነበር።

ሻጋታ ግን ትእዛዝ አይሰማም። መጀመሪያ ጥጉ ላይ ያ ቀጭን ሰውዬ ተመልሶ መጣ፤ ወፍሯል። ዝሆኖቹ ወልደው ተመለሱ። ካላንደሩም ከጀርባው ጥቁሩን ካላንደር አወጣ። አንዷ የእኔ ክብ ብቻ እንደ ሠራኋት ቀረች፤ ውስጧ ንጹሕ፣ ዙሪያዋ ንጹሕ። አክስቴ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጠመኔ ጨረሰች፤ ሁለተኛው ያለቀ ቀንም ፍርዷን አስቀድማ ነገረችኝ። ጥፋቱ የግድግዳው ከሆነ ግድግዳው ይታደሳል። ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ግን ጓዝህን ጠቅልለህ አጎትህ ዘንድ ትሄዳለህ፤ ክፍሏ የስፌት ክፍል ትሆናለች። አጎቴ ቤት አራት ወንዶች ልጆች በአንድ ክፍል ይተኛሉ። ሦስቱ ያንኮራፋሉ፤ አንደኛው ጡሩምባ ይማራል። እዚያ ቤት አንድ ሐሳብ ጀምሮ የጨረሰ ሰው የለም።

እንግዲህ ዛሬ የሚለይልኝ ይኸው ነበር። ሸሚዜን ከገመዱ ላይ አውርጄ ለበስኩና ከነአረፋዬ ገባሁ።

ቀለም ቀቢዋ ጥጉ ጋ ተንበርክካለች። ቱታዋ ላይ የሰፈሩ ቤቶች ቀለም ሁሉ አለ፤ ጉልበቷ ላይ የእኛም ነጭ። ቀና ብላ አየችኝና ደኅና ነህ ወይ አለችኝ። ራሴን ስነቀንቅ አረፋው ከጆሮዬ ትከሻዬ ላይ ወረደ።

«ጠብ አልክ» አለችኝና ወደ ግድግዳው ዞረች።

አክስቴ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ አልጋዬ ላይ ተቀምጣለች። ቀለም ቀቢዋ እያንኳኳች አስረዳቻት። ኳ የሚለው፣ ይኸውልዎት እትዬ፣ ጥጉ ላይ ያለው የኮንክሪት ኮለን፣ ምሰሶው ነው፤ ድፍን ስለሆነ የውጩን ብርድ ተሸክሞ ይገባል። ዱም የሚለው ብሎኬት ነው፤ ሆዱ ክፍት ስለሆነ ትንሽ ይሻላል። የሰው ትንፋሽና የውሃ እንፋሎት ክፍሉን ይዞራል፣ ይዞራል፣ የሚበርድ ቦታ ሲያገኝ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሻጋታም ውሃው የቆየበትን ተከትሎ ይበቅላል። ከቁም ሣጥን ጀርባ አየር ስለማያልፍ አይደርቅም። ካላንደርም ያው ትንሽዬ ቁም ሣጥን ማለት ነው አለች።

አክስቴ ወደ ንጹሑ ግድግዳ በአገጯ እያመለከተች ይሄኛውስ ምን ቀርቶበት ነው አለቻት። ቀለም ቀቢዋ መዳፍዎን ያሳርፉበት አለቻት። አክስቴ መዳፏን አሳረፈች፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ጉንጯን። ከግድግዳው ጀርባ የዳቦ ቤቱ ምድጃ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት በነጻ ማሞቂያ ነበረኝ ማለት ነው ብላ አጉረመረመች።

እኔ ክው አልኩ። ክቧን የሠራሁት ምድጃው ግድግዳ ላይ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ እሳት ጀርባ ተቀምጬ ጤዛ ስጠብቅ ከርሜያለሁ። ሳቄ መጣ፤ በአፍንጫዬ አስቀረሁት።

ቀለም ቀቢዋ ግን አልጨረሰችም። የአክስቴን የጠመኔ መስመሮች ከውጭ ወደ ውስጥ በጣቷ እየተከተለች ቀኖቹን አነበበች። እስከዚህች ቅዳሜ ድረስ ምንም የለም አለች፤ ከዚህች ቅዳሜ ወዲህ ግን ሻጋታው በሳምንት አንድ ስንዝር ይራመዳል። «ያን ሰሞን ቤቱ ውስጥ ምን ተለወጠ፣ እትዬ?»

«ምን ይለወጣል፣ ደመናው መዝፈን ከመጀመሩ በቀር።»

ቀለም ቀቢዋ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗ ክፍሉን መዞር ጀመረ፤ እኔም ዓይኔን ከዓይኗ ኋላ አስከትዬ ዞርኩ። የተጣበቀው ቁም ሣጥን። ካልሲዎቹ። የተዘጋው መስኮት። ክዳኗ ተነሥቶ አፏን የከፈተችው ማንቆርቆሪያ። ከማንቆርቆሪያዋ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ክቧ። ቀረብ ብላ አጎነበሰችና አየቻት። ከኋላዋ የሚታየኝ ጆሮዋ ቀላ።

«ምን አገኘሽ?» አለች አክስቴ። «የእኔ ጠመኔ ነው? እዚያ ጋ አልነካሁም እኮ።» መነጽሯን ፍለጋ ደረቷን፣ ኪሷን፣ አልጋውን ዳሰሰች፤ ግንባሯ ላይ መሆኑ ትዝ እስኪላት ቀለም ቀቢዋ አውራ ጣቷን በምላሷ አርሳ ክቧን አንዴ ዞረቻት።

«ለቀቀ» አለች።

አክስቴ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ጣለች፤ ከንጹሕ ግድግዳ በቀር ያየችው የለም። ከዚያ ቁጭ እንዳለች ቀጥ አለች፣ ለደንበኛ ልክ ስትወስድ እንደምትሆነው።

«በይ እንግዲህ፣ ሳትሸፋፍኚ ንገሪኝ። ግድግዳው ነው ልጁ?»

ከወዲያ የምድጃው በር ጓ ብሎ ተዘጋ። የአጎቴ ልጅ ጡሩምባ ጆሮዬ ውስጥ ተነፋ። ቀለም ቀቢዋ ስፓቱላዋን ቱታዋ ላይ ጠረገች፤ ንጹሕ ነበር፣ ደግማ ጠረገችው።

«ሁለቱም ናቸው እትዬ። ግድግዳውን ይበርደዋል፣ ልጁን ይሞቀዋል። እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ይሻግታል።»

«ታዲያ ማናቸው ይውጣ?»

«ቁም ሣጥኑ ይውጣ፤ አንድ ስንዝር።»

አክስቴ እሷን አየች፤ እኔን አየች፤ ጠረጴዛውን አየች። የሆነ ነገር ሸቷታል፤ ግን በሜትር የሚለካ አልነበረም። ተነሥታ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሦስታችን ቁም ሣጥኑን ገፋን፤ ዝሆኖቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር አገኙ። አክስቴ ስንዝሩን በሜትሯ ለካችና ከቁም ሣጥኑ እግር ሥር ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረች። ቁም ሣጥኑ ከዚህች መስመር ወደ ኋላ ጣት ታህል ካፈገፈገ በማግስቱ አጎትህ ዘንድ ነህ አለችኝ። ከዚያ ወጥታ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፤ ወዲያው ስፌቱ ትርርር ማለት ጀመረ።

ሁለታችን ቀረን። ቀለም ቀቢዋ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ካልሲዎቼን አንድ በአንድ ለቅማ እጄ ላይ ቆለለችልኝ፤ ዘጠኝ ነበሩ። አሁን ነው ጊዜው አልኩ በሆዴ፤ አሁን ያንን የተለማመድከውን በል። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ግድግዳውን መቼ ትቀቢዋለሽ የሚል ነበር። ሲደርቅ አለችኝ። መቼ ይደርቃል አልኳት። እሷ ግን ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ነበር።

የማንቆርቆሪያዋን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች። ውሃውን በመስኮቱ ወደ ጓሮ ደፋችው፤ አንዲት ጠብታ ወለል ላይ አልወደቀችም። ክዳኗን ገጠመች፣ ገመዷን እጀታዋ ላይ ሦስቴ ጠመጠመች፣ ከባልዲው ውስጥ ሮለሩንና ብሩሾቹን ገለል አድርጋ መሐላቸው አስቀመጠቻት። ዘጠኝ ካልሲ ታቅፌ አየኋት። የማንቆርቆሪያዋን አፍ ይዛ አስተካከለቻት፣ እንዳትወድቅ ነው መሰለኝ። ከዚያ ባልዲውን አንሥታ ወጣች።

የአክስቴ ስፌት ቆመ። «አንቺ ልጅ፣ ያ የልጁ…» ስትል ሰማሁ። ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ቀለም ቀቢዋ ግቢውን አቋርጣ፣ ባልዲዋን እያወዛወዘች፣ ማንቆርቆሪያዬን ይዛ በበሩ ወጣች፤ እንግዲህ ሄጄ መቀበል የእኔ ፋንታ ነው።