በራሱ እጅ የጻፈው አቤቱታ

ሙሴ ኩማ አዋሳ ፒያሳ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ በተከራያት ክፍል ጥብቅና ሲሠራ ደጁ ላይ ባለጉዳይ ጠፍቶ አያውቅም። አለታ ወንዶ ከቡና ገበሬ ቤት ተወልዶ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ሕግ ያጠና ሰው ነው። ከገጠር የመጣውን በሲዳምኛ፣ የከተማውን ነጋዴ በአማርኛ ያናግራል። ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰውም አልነበረም። «ከአዋሳ እስከ ዲላ ከእኔ የተሻለ ጠበቃ ካለ አሳዩኝና ቢሮዬን ልዝጋ» ይል ነበር። ያሳየው አልተገኘም።

በስድሳ ሰባት ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ሥራው እጥፍ ሆነ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይተዋል፤ ለንግድ የሚሆንም ሲፈቀድ መያዝ ይቻላል። መዝጋቢዎቹ ግን በችኮላ ሲዞሩ አንዳንዱን አንድ ቤት ሁለት ብለው ጽፈውት አለፉ። ሙሴ አዋጁን ክፉ ብሎ አያውቅም። «አዋጁ ደህና ነው፤ ያነበበው ሰው ነው ጥቂት» እያለ መንግሥትን በመንግሥት ቃል ይረታ ጀመር።

በሰባ ሁለት ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ የከተማውን የቤት ጉዳይ ከበላይ የሚመሩት ሻምበል ሽበሺ አስጠሩት።

«መሥሪያ ቤቴን ስንት ጊዜ እንደረታኸው ታውቃለህ?» አሉት።

«አልቆጠርኩም፣ ጓድ ሻምበል።»

«እኔ ግን ቆጥሬአለሁ። ሰልችቶኛል። የቤት ጉዳይ ኃላፊ አድርጌሃለሁ፤ ሰኞ ሥራ ትጀምራለህ።»

እምቢ የሚባልበት ዘመን አልነበረም። ሙሴ ግን በፍርሃት አልተቀበለም፤ ደስ ብሎት ነው የተቀበለው። ጤና ጣቢያ ነርስ የነበረችው ሚስቱ ታቢታ ሹመቱን ስትሰማ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«እስከ ዛሬ ከጉድጓዱ አፍ ሆነህ ለሰው ገመድ ትጥል ነበር» አለችው። «አሁን ራስህ ልትገባበት ነው።»

«ገመዱ እኮ ብዙ ጊዜ ያጥራል፣ ታቢታ።»

ሰኞ ጠዋት ካፖርቱን ሰቅሎ ለዓመታት መልስ ያጡትን አቤቱታዎች አስመጣ። ከላይ ያለውን ሲያነሳ የእጅ ጽሑፉን ለየው፤ የራሱ ነው። ሁለተኛውም የራሱ። እስከ ቀትር ሲያገላብጥ በራሱ እጅ የጻፋቸው አሥራ አንድ አቤቱታዎች ተገኙ። ለሁለት ዓመት መልስ ሲለምነው የኖረው ባለሥልጣን አሁን እሱ ነው።

ከአሥራ አንዱ አንዱ የወይዘሮ ፈትያ ነበር። ባላቸው ጠሀ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ቤት ሠርቶ ነበር የሞተው፤ ፊት ለፊቱ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ። መዝጋቢዎቹ ሁለት በር ሲያዩ ሁለት ቤት ብለው ጻፉ። መኖሪያው ታሸገ፤ ወይዘሮ ፈትያ ከሦስት ሴቶች ልጆቻቸው ጋር በጣቃ መካከል ሱቁ ውስጥ ተኝተው ያድራሉ። የታሸገውን ክፍል የከተማው ካድሬ ጓድ ብዙአየሁ ለውይይት ክበብ ፈልጎታል።

ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ኖሮ ወይዘሮ ፈትያ በማግስቱ መጡ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ «አልሐምዱሊላህ! ጠበቃዬ ሹም ሆነልኝ። በል ልጄ፣ ፈርምልኝ» አሉት።

ሙሴ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው። እጁ ብዕሩ ላይ ነበር። ጉዳዩ እውነት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል፤ አንድ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

«እትዬ ፈትያ፣ ይህን ፋይል እኔ አልፈርምም።»

«ምን አልክ?»

«ጠበቃዎ ነበርኩ። በአንድ ጉዳይ ጠበቃም ዳኛም መሆን አይቻልም። ዛሬ እኔ ብፈርምልዎ ነገ ‹ለደንበኛው ሰጠ› ብለው መልሰው ይቀሙዎታል። ሌላ ሰው ያየዋል።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ሥልጣን ሳይኖርህ አፍ ነበረህ» አሉት። «ሥልጣን ስታገኝ አፍህ ተዘጋ።» የቀረበላቸውን ወንበር ሳይቀመጡበት ወጡ።

ያ ንግግር እስከ ማታ ከጆሮው አልወጣም። ቢሆንም ሐሳቡን አልለወጠም፤ አሥራ አንዱንም ፋይል ሰብስቦ ለምክትሉ ለአቶ በላይነህ ሰጠ። አቶ በላይነህ ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ በመዝገብ ቤት ያረጁ፣ ጥላቸውን የሚፈሩ ሰው ናቸው።

«ይህቺን ቤት ጓድ ብዙአየሁ ይፈልጋታል» አሉ የወይዘሮ ፈትያን ፋይል አንስተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልወስን? ንገረኝና ልጻፈው።»

«አልነግርዎትም። ሄደው ይዩት፤ ያዩትን ይጻፉ። ከጻፉት አንድ ፊደል አልነካም፤ ሌላ ሰውም ሲነካ ዝም አልልም።»

አቶ በላይነህ ሁለት ቀን ራስ ምታት ብለው ቀሩ። በሦስተኛው ቀን ሜትር ይዘው በጋሪ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ተመለሱና አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «አንድ ጣሪያ፣ አንድ የግቢ በር፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የውሃ ቧንቧ። ቤቱ አንድ ነው፤ የታሸገው ይከፈት» ይላል።

ሳምንት ሳይሞላ ሙሴ፣ አቶ በላይነህና ጓድ ብዙአየሁ ሻምበል ሽበሺ ፊት ቀረቡ። ከሳሹ ጓድ ብዙአየሁ ነበር።

«ጓድ ሻምበል፣ ይህ ሰው የድሮ ደንበኞቹን ቤት እያስመለሰ ነው። ምክትሉን አስገድዶ አስጽፎታል!»

ሙሴ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። በሕይወቱ ሙሉ ሲከሰስ ዝም ብሎ አያውቅም። አሁን ግን እሱ ከተናገረ የአቶ በላይነህ ውሳኔ የእሱ ውሳኔ ይመስላል። ጥርሱን ነክሶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ሻምበሉ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «ማን አዘዘህ?»

አቶ በላይነህ ላባቸውን ጠረጉ። «ማንም አላዘዘኝም። እንዲያውም ምን ልጻፍ ብዬ ለምኜው ነበር፤ እምቢ አለኝ። ተናድጄ ሄድኩና ሁለት ጊዜ ለካሁት።»

ሻምበሉ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ጓድ ብዙአየሁ መሸነፉን ሲያይ ሌላ ድንጋይ አነሳ። «ይህ ሰው የሚሲዮን ልጅ ነው! ሚስቱም በየቤቱ እየተሰበሰቡ ከሚጸልዩት ጋር ትውላለች።»

በዚያን ጊዜ በዚህ ቃል ብቻ ሰው ይታሰር ነበር። ሙሴ ታቢታን አሰበ። ሲናገር ግን ድምፁ ችሎት ላይ የሚታወቀው ድምፅ ነበር።

«ጓድ ሻምበል፣ እኔ የምከሰስበት ካለ ክሱ ይጻፍና ቀን ይቆረጥልኝ፤ እቀርባለሁ። ዛሬ የቀረበው የአንድ ቤት ጉዳይ ነው። ቤት ደግሞ አይጸልይም።» ከኪሱ አዋጁን አውጥቶ አንቀጹን ቀስ ብሎ አነበበ። «ይህን ያወጣው አብዮቱ ነው። ጓድ ብዙአየሁ ከአዋጁ ጋር ቅሬታ ካለው አቤቱታ ይጻፍ። ከፈለገ አጻጻፉን አሳየዋለሁ።»

ሻምበል ሽበሺ ወረቀቱን ስበው ፈረሙ። ሌላው ክስም ሳይጻፍ ቀረ።

ማኅተሙ የተነሳው በቅዳሜ ገበያ፣ መናኸሪያ በሰው በተጨናነቀበት ሰዓት ነው። ሙሴ አልሄደም፤ አቶ በላይነህ ናቸው የከፈቱት፤ የወይዘሮ ፈትያንም ምርቃት የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሽማግሌው ቀና ብለው ይሄዱ ጀመር።

ከቀሩት አሥር አቤቱታዎች ስድስቱን አቶ በላይነህ ፈቀዱ፤ አራቱን ጣሉ። ከአራቱ በሁለቱ ተሳስተዋል ብሎ ሙሴ አምኗል። ቃሉን ሰጥቶ ነበርና አንድ ፊደል ሳይነካ አሳለፋቸው። ይህ ግን አንገበገበው፤ ለታቢታ ብቻ ነገራት።

በስህተት ተጣለባቸው ካላቸው ከሁለቱ አንዱ ታቦር ሰፈር የሚኖረው ገብረየስ የሚባል ጡረተኛ መምህር ነው። ቢሮ ድረስ መጥቶ ጮኸ። ሙሴ አስጨርሶት «ጋሼ፣ እዚህ ቢጮሁ ውሳኔው አይለወጥም» አለው። «ይግባኝ ይበሉ። ስልሳ ቀን አለዎት።»

«በማን ላይ?»

«በእኔ መሥሪያ ቤት ላይ። ማመልከቻውን የሚጽፍልዎት ጎበዝ ወጣት ጠበቃ አለ፣ ሙሉ ይባላል። ልላክዎት።»

ክርክሩ አምስት ወር ፈጀ። ሙሴ ነገረ ፈጅ አልላከም፤ ለድሮ ደንበኛው ለቀቀለት እንዳይባል የመሥሪያ ቤቱን ውሳኔ ለመከላከል ራሱ ችሎት ቆመ። ማስረጃውን ሳይደብቅ፣ ክርክሩንም ሳያለዝብ እንደ ወጉ ተከራከረ፤ ሙሉ ግን አንድ በአንድ እያነሳ አፈረሰበት። ዳኛው ለገብረየስ ፈረዱ።

ሙሴ ከችሎት ሲወጣ ወጣቱን ጠበቃ ደረጃው ላይ አገኘው። ልጁ ሹሙን ስለረታ ደንግጦ መንገድ ለቀቀለት።

«ሁለተኛው ነጥብህ ላይ ፈዝዘህ ነበር» አለው ሙሴ እጁን እየጨበጠው። «እሱን ብታጠብቀው ኖሮ በሦስት ወር ትረታኝ ነበር።»

ከዚያ ሁለቱም ጎን ለጎን፣ ስለ ሕግ እየተከራከሩ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ወደ ፒያሳ ወረዱ።