ከሸሁ ደን የተለቀመ ቅጠል

ሰሚሃ የሠራችው ካርታ ስህተት ነበር፤ በሕይወት ያለውን ደን ሞቷል አለ።

ደኑ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ፣ በአንድ ሸህ መቃብር ዙሪያ የቆመ ነው። ሰሚሃ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ከሳተላይት ምስል ተነሥታ በቅጠል ውስጥ ያለውን፣ የዛፍን ጤንነት የሚያሳየውን ናይትሮጅን ትገምታለች። ምስሉ ብርሃንን ከሁለት መቶ በላይ ወደሆኑ ቀለማት ይከፍለዋል፤ አብዛኛውን ዓይን አያየውም። ቀለሙን ከቅጠሉ ጋር ለማገናኘት ግን በቤተ ሙከራ የተመረመረ እውነተኛ ቅጠል ያስፈልጋል። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት የመቃብሩ ጠባቂ አባ ኑርዬ ሃምሳ ከረጢት ቅጠል ሞልተው ሰጥተዋት ነበር። ሳትከፍተው ደሴ ላከችው፤ እዚያም በቤተ ሙከራ ፈጭተው መረመሩት።

ጦርነቱ መጥቶ አለፈ። ካርታው ሲያልቅ ደኑን በሞተ ዛፍ ቀለም፣ ቢጫ አድርጎ አወጣው። ወረዳው ተፈናቃዮች የሚያበስሉበት እንጨት ቸግሮት ስለነበር፣ የሞተ ከሆነማ ብሎ ሰኞ እንዲቆረጥ ወሰነ።

ዓርብ ጠዋት ሰሚሃ ለመመረቂያ ጽሑፏ ሽፋን የሞተውን ደን ፎቶ ልታነሣ ወጣች።

ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ በዛፎቹ መሐል ይዋኛል። ከጉሙ ብቅ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ውሃው ከታች ይሁን ከላይ አልለይ አላት። ቅጠሎቹ ከውስጣቸው የሚያበሩ፣ እነዚያ ዓይን የማያያቸው ቀለማትም ለአንድ አፍታ የታዩዋት መሰላት። ራሷን ምስሉ ውስጥ እንደገባች አንዲት ነጥብ ቆጠረች። ከጉሙ ውስጥ አባ ኑርዬ ሲያስሉ ነቃች።

«አባ፣ ያን ጊዜ ከየትኛው ዛፍ ነበር የቀጠፉልኝ?»

«አዑዙ ቢላህ! የሸሁን ዛፍ ማን ይቀጥፋል? የወደቀውን ነው እንጂ የለቀምኩልሽ። ያውም አፈሩን አራግፌ!»

«ምነው ታዲያ አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝና? መኪና ላይ ሆነሽ ‹ቶሎ፣ ቶሎ› ስትይኝ ነበር።»

የወደቀ ቅጠል ናይትሮጅኑን ለዛፉ መልሶ ነው የሚወድቀው። ይህን ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ስትገባ ካርታዋ ከኃላፊው ከአቶ ውበቱ ጀርባ ተለጥፏል።

«ውሸት ነው» አለች ሳትቀመጥ።

«ራስሽ አይደለሽ ያመጣሽው?»

«ራሴ ነኝ። ደኑ ደህና ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ምርቃትሽ በሚቀጥለው ሳምንት አይደል እንዴ?»

«ነበር።»

«ሰዉስ ምን አንድዶ ይብላ? ያንቺን ወረቀት?»

«ይኸው፣ መኪናዎን ያስጠለሉበት ባሕር ዛፍ።»

አቶ ውበቱ በመስኮት አዩና ሳቃቸውን ዋጡ። ባዶ ወረቀት ገፉላት። «በጽሑፍ አድርጊው፤ የሰኞውን ቆረጣ በእሱ አስቆማለሁ። ግልባጩ ለዩኒቨርሲቲሽ ይሄዳል።»

«የመቃብሩ ጠባቂ» ብላ ጀመረችና ሰረዘችው። ከሥሩ «ከረጢቶቹን ሳልከፍት ተቀበልኩ» ብላ ጻፈች። ፈረመች።

ካርታውን ከግድግዳው ነቅላ ጠቀለለችው። በሩ በክረምቱ እርጥበት አብጦ አልገጥም ይላል። ወጣች፤ እጀታውን ይዛ ከፍ አደረገችውና ዘጋችው።