ከዶሮዋ ሥር የተገኘው ሚስማር

ለአንዲት ዶሮ ተብሎ ይህን ሁሉ ጉድ ታያለሽ ቢሏት ሀረገወይን በሳቅ ፍርስ ትል ነበር። ዶሮ ምን ታመጣለች? እንቁላል ታመጣለች፣ ኩስ ታመጣለች፣ ድመት ትጠራለች፣ አለቀ።

ዐረብ አገር፣ ሳባህ አል-ሳሌም በሚባል ሰፈር ውስጥ እሷ የምትሠራበትን ቤትና ዘርፌ የምትሠራበትን ቤት የሚለያቸው አንድ ግንብ ብቻ ነው። ሁለቱም ጓሮ ዶሮ አለ። የገዟቸው ባለቤቶቹ ይሁኑ እንጂ የሚያበሏቸው፣ የሚያጠጧቸውና ኩሳቸውን የሚጠርጉት ሁለቱ ናቸው። ጠዋት ጠዋት መጥረጊያቸውን ይዘው ይወጡና ግንቡን መሀል አድርገው ወሬያቸውን ይሰልቃሉ።

«የትናንቱ አቧራ የኔዎቹን ሊገድላቸው ነበር» አለች ሀረገወይን። «አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ።»

«ውሃቸው ላይ በረዶ ጣይበታ! እኔ ከማዳም ፍሪጅ እየሰረቅኩ ነው የማጠጣቸው። ደግሞ ጭልፊት አይቼ ልቤ ልትወጣ!»

«ጭልፊት? እዚህ?»

«ምነው፣ ጭልፊት ቪዛ ይጠየቃል እንዴ? መጣ፣ አየ፣ ሄደ። እንደኔ ኢቃማ የለው፣ ግን ማን ይይዘዋል!»

ሁለቱም ሳቁ። ሀረገወይን ግን ሳቋ ቶሎ ነው የቆመው። ዘርፌ ከመጀመሪያ አሠሪዋ ቤት ጠፍታ ከወጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ የመኖሪያ ወረቀት የላትም። የአሁኗ ማዳሟ ደብቃ ነው የምታሠራት። ከበር ውጭ እግርሽ እንዳይወጣ ብላታለች። ይህን የሚያውቁት ማዳሟና ሀረገወይን ብቻ ናቸው።

በዚያ ሰሞን የሀረገወይን ቀይ ዶሮ አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋ ነበር። ሀረገወይን ደሴ ከተማ፣ አስፋልት ዳር ያደገች ናትና ስለ ማስታቀፍ የምታውቀው ነገር የለም። ሁሉን የነገረቻት ዘርፌ ናት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሰማዩ ሲጠቁር ከዘርፌ የድምፅ መልእክት ገባ። «አንቺ ሴትዮ! ይሄ ነጎድጓድ ሳይጀምር ሚስማርና ከሰል ከጎጆዋ ሥር አድርጊ፣ መብረቁ እንቁላሉን እንዳያገማው። እናቴ ያለዚያ አስታቅፋ አታውቅም። ሚስማሩ እንዳይወጋው በጨርቅ ጠቅልይው። እኔም ከታቀፈችው ዶሮዬ ሥር አድርጌያለሁ።»

ሀረገወይን ምን ገዷት! ከመጥበሻው ምድጃ አንድ ከሰል፣ ከዕቃ ቤት አንድ የዛገ ሚስማር አነሳች፤ ከማጽጃ ጨርቆቹ ከረጢት አንድ ጥቁር ቁራጭ መዘዘች፣ ጠቀለለችው፣ እንዳይፈታ ደግሞ በክር ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ከዶሮዋ ሥር ከጭዱ ውስጥ ሸጎጠችና ሩዝ ልታጥብ ሄደች። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ።

በማግስቱ ማዳም ጎርፍ ገብቶባቸው ይሆን ብላ ጓሮ ወጣች። ዶሮዋን ገፋ አድርጋ ጭዱን ስትዳብስ እጇ ከጥቅሉ ላይ አረፈ። ፈታችው።

«ሲህር!» ብላ ጮኸች። «ሲህር!»

ሀረገወይን ይህን ቃል ታውቀዋለች። ድግምት ማለት ነው።  በዚህ ቃል ስንት ሴት ሻንጣዋን ሳትይዝ እንደወጣች፣ ስንቷ እስር ቤት እንደገባች ሰምታለች።

«የኔ ሻርፕ ነው!» አለች ማዳም። የጨርቁን ጠርዝ፣ የራሷን የብር ጥልፍ እያሳየች ነው። «ለካ ወር ሙሉ ራሴን የሚፈልጠኝ! ምንድን ነው ያሰርሽብኝ?»

በስመ አብ! ሻርፑ ተቀዶ ስለነበር ማዳም ራሷ ናት ለማጽጃ ይሁን ብላ የጣለችው። ግን ይህን አሁን ማን ያስረዳል? ሀረገወይን በሦስት ዓመት የለመደችው ዐረብኛ ስለ ሩዝና ስለ ብረት ምጣድ፣ ስለ ክሎሪንና ስለ ልጆች ልብስ ነው። የመብረቅ ቃል የላትም።

«ለዶሮ ነው፣ ማዳም! ሰማይ፣ ቡም! ቡም! እንቁላል ይሞታል!» እጇን ወደ ሰማይ ታወናጭፋለች። ይህን ስታይ ማዳም ደግሞ ይባስ ደነገጠች፤ ጩኸቷን ሰምተው የወጡት ልጆቿ ወደ ቤት ሮጡ። ባባ ዒሳ፣ የማዳም ባል፣ ስልኩን እንደያዘ ወጣ።

«ማነው ያስተማረሽ?» አላት። «ሌላ ሰው አለ?»

አለ እንጂ። የዘርፌ ድምፅ ኪሷ ውስጥ ነው። ከግንቡ ማዶ ሲጠርግ የነበረው መጥረጊያ ቀጥ ብሏል፤ ዘርፌ እየሰማች ነው። ስሟን ብትጠራ ሁሉም ነገር ይገለጣል፤ ፖሊስ ደግሞ መጥቶ ዘርፌን መጀመሪያ የሚጠይቃት ስለ ሚስማር አይደለም። በሌላ በኩል ማህሌት አለች። ልጇ። ሰባት ዓመቷ። ከፋሲካ በኋላ ለሁለት ወር እረፍት ልመጣልሽ ነው ብላታለች፤ ሕፃኗ ጓደኞቿን ሁሉ እናቴ ልትመጣ ነው ብላ ለፍልፋለች። 

«ማንም የለም» አለች ሀረገወይን። «እኔ ራሴ ነኝ።»

ባባ ዒሳ ፖሊስ ሊጠራ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

ያኔ ነው የበሩ ደወል የጮኸው። አንዱ ልጅ ከፈተው። ዘርፌ ናት! ያቺ ሁለት ዓመት ሙሉ መንገዱን ረግጣ የማታውቀው ዘርፌ፣ በነጠላ ጫማ፣ በቤት ቀሚሷ፣ ጭድ የተጣበቀበት ጥቅል በእጇ ይዛ ግቢው መሀል ቆመች። ሀረገወይን ዓይኗን ማመን አቃታት። ሂጂ፣ ተመለሺ ልትላት ፈለገች።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለች ዘርፌ፣ ጥርት ባለ ዐረብኛ። «ለነጎድጓድ ነው። አገራችን ያለ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። ይኸው የኔም፣ አሁን ከዶሮዬ ሥር ያወጣሁት። ድግምት ቢሆን ከትራሳችሁ ሥር እንጂ ከዶሮ ሥር ምን ይሠራል? ዶሮዋ ላይ ነው ወይ የሚደገመው?»

ባባ ዒሳ ሁለቱን ሚስማሮች ጎን ለጎን አየ። ሁለቱንም ከሰሎች አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ማዳም ሻርፑን ደግማ አገላብጣ ተመለከተችው፤ የተቀደደበትን ስታይ ፊቷ ቀላ። ጨርቁን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችና «ሌላ ጊዜ ጠይቂ» ብላ ገባች። ስልኩ ተዘጋ። በቃ፣ ዳነች! ሀረገወይን የተበተነውን ጭድ ልትሰበስብ ጎንበስ አለች።

ቀና ስትል ግን በሩ ላይ የዘርፌን ማዳም አየች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ፖሊስ በራፌ ድረስ ልታመጪብኝ!» አለች። «ወረቀት የሌላት ሴት ደብቀሻል ብለው የሚቀጡት እኔን ነው!»

ቀትር ሳይሞላ የማዳሟ ቤት ሰዎች ዘርፌን ከአንድ ጥቁር ፌስታል ጋር መኪና ውስጥ አስገቧት። ሀረገወይን በበሩ ስንጥቅ አየቻት። ዘርፌ በመስኮቱ «ሀያ አንድ ቀን ነው፣ እንዳትሳሳቺ!» አለቻት፤ መኪናው ኸይጣን ወደሚባለው ሰፈር መንገድ ታጠፈ። እዚያ የሚያውቋት ያገሯ ልጆች ክፍል ጥለዋት ይሁን ወይም ሌላ ቦታ፣ እስካሁን የሚያውቅ የለም። ስልኳ ዝግ ነው።

ሀረገወይን ያን ቀን ምሳ አቀረበች፣ ሰሃን አጠበች፣ ልብስ ተኮሰች። እንባ እንኳ አልመጣላትም፤ ደርቃ ነው የዋለችው። እኔ በሆንኩ፣ እኔ በሄድኩ ትላለች፤ ወዲያው ማህሌት ትመጣባትና ይህን በማለቷ ታፍራለች፣ በማፈሯ ደግሞ ትናደዳለች። ማዳም ማታ ሻይ ስትቀበላት ፈገግ አለችላት። ያ ፈገግታ አንጀቷን አሳረረው።

በሀያ አንደኛው ቀን ዘጠኙ ተፈለፈሉ። ልጆቹ በደስታ አበዱ። ባባ ዒሳ ፎቶ አነሳ። ሀረገወይን ጫጩቶቹን እያጠጣች ሳለ ከግንቡ ማዶ ሰው ጠራት። የዘርፌ ማዳም ናት፤ ወንበር ላይ ቆማ አንገቷን አስግጋለች።

«አንቺ ልጅ» አለች በለስላሳ ድምፅ። «የኔ ዶሮ ከእንቁላሎቹ ላይ ተነስታ አልመለስ ብላኛለች። ምን ላድርግ?»

ሀረገወይን ቀና ብላ አየቻት። «ማዳም» ብላ አልጠራቻትም።

«ዘርፌን ጠይቂያት» አለቻት።