መስመር የበዛበት ጨርቅ

ልኩን ያለፈ ዝግጅት ስንፍና ነው፤ ከስንፍናም የከፋው ነው። ሰነፍ የተባለ ሰው አንድ ቀን ያፍር ይሆናል፤ ሲዘጋጅ የሚውለው ግን ላቡን እየጠረገ ራሱን ያመሰግናል። የሚከተለው ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

የልብስ መለኪያ ሜትር ከአንገቱ ስለማይለይ ሰፈሩ «ባለ ሜትሩ» የሚለው አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ለብዙ ዘመን በሰው ሱቅ ሲሰፋ ኖሮ፣ ሙያው በተመሰገነ ጊዜ የራሴን ሱቅ እከፍታለሁ ብሎ ሥራውን ለቀቀ። አክስቱም መንገድ ዳር ያለቻቸውን አንዲት ክፍል ፈቀዱለት። ፈቃዳቸው ግን ገደብ ነበረው፤ ወሩ ሳይወጣ አንድ የተሰፋ ልብስ ከዚያ በር ካልወጣ፣ ክፍሏን አጥብቆ ለሚፈልጋት ለፀጉር አስተካካዩ እንደሚሰጡ በግልጽ ነገሩት።

ሥራው ደጁ ድረስ መጣለት። በአቅራቢያው ካለው ክሊኒክ አንዲት ነርስ ነጭ ጨርቅ ይዛ መጥታ ጋዋን እንዲሰፋላት አዘዘች፤ ካማረላት የባልደረቦቿን ሁሉ እንደምታመጣለትም ቃል ገባች። ባለ ሜትሩ ለካት፤ በሰማያዊ ጠመኔ ጨርቁ ላይ አሰመረ፤ መቀሱን አነሣ። ከዚያም መልሶ አስቀመጠው። ለምን እንዳስቀመጠው ራሱም አላወቀም።

መደርደሪያው የተንጋደደ መስሎት አወረደው። ግድግዳውን ቀባ፤ ቀለሙ ክፍሏን አጨለማት ብሎ እንደገና ቀባ። የስፌት መኪናውን ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ሲያመላልስ ዋለ። ማታ ወገቡን ይዞ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ሥራ በዝቶብኝ ዋልኩ ይላት ነበር፤ ነገሩም ውሸት አይመስለውም። ይህን ያህል እየደከመ ምንም አለመሥራቱ ግራ ያጋባው ነበር። ወደ ጨርቁ በተመለሰ ቁጥር ደግሞ የቀድሞውን መስመር ይጠራጠረዋል፤ ያራግፍና ከጎኑ ሌላ ያሰምራል። የተራገፈው ጠመኔ ግን ጨርሶ አይለቅም፤ ሰማያዊ ጥላው ይቀራል።

ፀጉር አስተካካዩ በየጊዜው ብቅ እያለ ግድግዳውን በዓይኑ ይለካ ጀመር። ምን ፈልጎ እንደመጣ ባለ ሜትሩ ቢጠይቀው፦

«መስታወቴን የት ጋ እንደምሰቅል እያየሁ ነው» አለው። «አንተ ሥራህን ቀጥል፤ ደግሞ አትቸኩል።»

የባለ ሜትሩ ሚስት አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጥታ ጨርቁን በሁለት እጇ ዘረጋችው።

«የትኛው ነው የሚቆረጠው?»

«የውጪው» አለ። ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ቆይ፤ የውስጠኛው ሳይሆን አይቀርም» አለ።

«አንተ፣ ይሄ ጋዋን ነው ወይስ የአገር ካርታ?»

ባለ ሜትሩ አልሳቀም። ሚስቱ ጨርቁ ዛሬውኑ ታጥቦ እንዲደርቅ፣ ነገ እርሷ ባለችበት አንድ ጊዜ ተሰምሮ እንዲቆረጥ መከረችው። ምክሯ ደግ ነበር፤ እርሱም ደግነቱን አላጣውም። ሆኖም የጠረጴዛው እግር ስለሚወዛወዝ መጀመሪያ እርሱን ላብጀው አላት፤ ሲያበጀውም ዋለ።

ወሩ አለቀ። በመጨረሻው ቀን አክስቱ መጥተው ከበሩ አጠገብ ወንበር ይዘው ተቀመጡ፤ ጥቂት ቆይታም ነርሷ ገባች። ባለ ሜትሩ ከግድግዳው ቀለም ጀምሮ እስከ ጠረጴዛው እግር ያለውን ሁሉ በዝርዝር አስረዳቸው። አክስቱ እስኪጨርስ ታገሡት።

«ልጄ፣ ጨርቁ ምን አድርጎህ ነው?» አሉት።

«እኔም አልገባኝም፣ አክስቴ» አለ፤ እውነቱን ነበር።

እፍረት ያልጀመረውን አስጀመረው፤ መቀሱን አንሥቶ ይቆርጥ ገባ። ይህን ያህል ጊዜ የፈራው ነገር እንዲህ ቀላል መሆኑ አስደነቀው፤ ሊስቅም ቃጣው። ከእነዚያ ሁሉ መስመሮች የትኛውን ተከትሎ እንደሄደ ግን ቆም ብሎ አላየም። ፍጥነቱን ብርታት መሰለው። የቆረጠውን በመርፌ አያይዞ ነርሷ ላይ ሲለካው ጀርባው ልክ ሆነ፤ ፊቱ ግን ከግራም ከቀኝም ቢስቡት ደረቷ ላይ አልገጥም አለ። ከጨርቁ የተረፈ የሚቀጠል አልነበረም።

«ማንን ለክተው ነው የቆረጡት?» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

ባለ ሜትሩ እርሷን አየ፤ ጠረጴዛውን አየ፤ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር።

ነርሷ የክሊኒኩን ሥራ በሙሉ ለቀድሞ አሠሪው ሰጠች። አክስቱ የክፍሏን ቁልፍ በዚያው ቀን ተቀብለው ለፀጉር አስተካካዩ አስረከቡ። ባለ ሜትሩ ወደ ቀድሞ አሠሪው ተመልሶ ለምኖ ተቀጠረ፤ ዛሬ የክሊኒኩን ጋዋኖች ጫፍ እያጠፈ ይሰፋል፤ ጨርቅ እንዲቆርጥ ግን አይፈቀድለትም።