ራሷን የጎተተችው ጀልባ

ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ከትልቋ ልጃቸው ጋር የተስማሙበት ነገር አጭርና ግልጥ ነበረ። ማንም ሰው እጁን ሳያስነካ፣ ብቻቸውን ጀልባቸውን ከሐይቁ አውጥተው ተሳቢው ላይ ካሳረፉ፣ ጀልባይቱ የእርሳቸው ሆና ትኖራለች፤ ካልሆነላቸው ትሸጣለች። ልጅቱ ነርስ ናት። ባለፈው ክረምት ጀልባዋን የሚስቡበት የእጅ መጎተቻ ዘንግ አምልጧቸው ጎናቸውን በመታቸው ጊዜ፣ ሲያቃስቱ አጠገባቸው ያደረችው እርሷ ነበረችና ቃሏን በዋዛ የምታጥፍ አልነበረችም። ገዢም አስቀድማ አግኝታ ነበር።

“ከጀልባዋ ከምለይ ጥርሴ ቢረግፍ ይሻለኛል” አሉ ሽማግሌው።

“ጥርስህንማ ቀድመህ ጨርሰኸዋል፤ ሌላ መያዣ አምጣ” አሉ ባለቤታቸው።

ስለዚህ ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትት፣ በባትሪ የሚሠራ ዊንች ተገዛ። መስመሩን ሊዘረጋ የተነሣውም የነርሷ ባል፣ አማቻቸው ነው። ይህ ሰው በየቤቱ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ በሙያው የተመሰገነ ነው፤ እርሱ የዘረጋው መስመር ግድግዳ ላይ ሲታይ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ፒንሳውን ከኋላ ኪሱ ሰክቶ፣ ናስትሮውን እንደ አምባር በአንጓው አጥልቆ፣ ግቢው ውስጥ ከተሳቢው ሥር ተንበረከከ። ሽቦውን በነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ፣ ተሳቢውን ከሚጎትተው የሽማግሌው መኪና ባትሪ አስነሥቶ፣ በመኪናው ሆድ ሥር አሳልፎ ወደ ተሳቢው አመጣው። ዊንቹ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጧል። እርሱ ግን ሽቦውን የተሳቢውን ዙሪያ አዞረውና፣ በየማዕዘኑ ቀጥ አድርጎ እያጠፈ፣ በስተኋላ ዞሮ እንዲመጣ አድርጎ ዊንቹ ላይ አሰረው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። “ልጄ፣ ሽቦው አልቀጠነም?”

“አባባ፣ በዚህ ሽቦ ስንቱን ምድጃ አንድጃለሁ! ይቺ ጀልባ ታቅተዋለች?”

“በአቋራጭስ ቢመጣ?”

“በአቋራጭማ ከመጣ ፊት ለፊት ይገተራል። ያየኝ ሰው ምን ይለኛል?”

ሽማግሌው፣ በፍቅር የሚሠራን ሥራ ማንኳሰስ ነውር መስሎ ታያቸውና ቁልፉን ሊሞክሩ እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉ ሲነካ ዊንቹ እንደ ንብ እያዜመ ባዶውን የመጎተቻ ገመድ ጠቀለለው። ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ሆነው አጨበጨቡ። “ያን የኔን ሳሎን መብራት እንዲህ አሳምሮ ቢዘረጋልኝ ምን ነበረበት!” አሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉም ወደ ሐይቁ ወረዱ። ባለቤታቸው ተጣጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ልጅቱ እጇን አጣምራ ቆመች። ሽማግሌው ተሳቢውን ኋላ ኋላ እየነዱ ውኃው ውስጥ አስገቡት፤ የዊንቹንም መንጠቆ ከጀልባይቱ አፍንጫ ቀለበት ላይ ሰክተው፣ ተመስገን ብለው ቁልፉን ተጫኑ። ጀልባዋ ተንሳፍፋ ሳለች ዊንቹ እየዘፈነ ሳባት። ሆዷ የተሳቢውን ማንከባለያዎች ረግጦ ክብደቷ ባረፈ ጊዜ ግን ዜማው ሲቃ ሆነ፤ አቃሰተ፣ ዘገየ፣ ቆመ። ነጩ ቱቦ የተቃጠለ ላስቲክ መሽተት ጀመረ። ጀልባይቱም ግማሽ አካሏ በውኃ፣ ግማሹ ተሳቢው ላይ ሆኖ ቀረች።

አማቻቸው ዘሎ ሊይዛት ሲል “እጅ!” ብላ ሚስቱ ጮኸችበት። እንደ ተቀጣ ተማሪ ሁለት እጁን ወደ ኋላው መለሰ።

“አባዬ…” አለች ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሽማግሌውን ከቁጣዋ ይልቅ ይህ ርኅራኄዋ አስፈራቸው።

“ዊንቹ…” አለ አማቻቸው። ሽማግሌው የሚከተለውን ያወቁት መሰላቸው፤ ዕቃው አይረባም፣ ሻጩ አታሏችኋል ሊል ነው። እርሱ ግን “ዊንቹ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የኔ ነው” አለ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። “የቤት መብራት ግፊቱ ብርቱ ስለ ሆነ ቀጭን መንገድ ይበቃዋል። የባትሪው ግን ግፊቱ ደካማ ነውና ሰፊና አጭር መንገድ ይፈልጋል። እኔ አቅጥኜም አርዝሜም ዘረጋሁለት። አባባ ሲነግሩኝም አልሰማሁም። ኃይሉ መንገድ ላይ ደክሞ እየቀረ ነው።”

ነገሩ ለሽማግሌው ወዲያው ገባቸው። እርሳቸውም በእግራቸው ገበያ ሲደርሱ፣ ምን ሊገዙ እንደ መጡ እስኪረሱ ድረስ ይደክማቸዋልና። “እንግዲያስ ባትሪውን ብናቀርብለትስ?”

“ባትሪ ልትሸከም ነው? በፍጹም!” አለች ነርሷ።

“ማን ይሸከማል? ተመልከቺ እንጂ።”

የኋላው ሞተር ስለሚከብድ፣ ጀልባዋ ሚዛኗን እንድትጠብቅ ብለው ከብዙ ዘመን በፊት የራሷን ባትሪ አፍንጫዋ ሥር አስረውት ነበር። ያ አፍንጫ አሁን ዊንቹ ጋ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። ሽማግሌው የሞተ ባትሪ ከሌላ መኪና የሚያስነሡበትን ወፍራም ኬብል ከመኪናቸው አወጡ።

አማቻቸው፣ እጆቹ ኋላ እንደ ታሰሩ፣ በአፉ ይሠራ ጀመር። “መጀመሪያ የኔን ሽቦ ከዊንቹ ይንቀሉት፤ ጫፉን በናስትሮ ይሸፍኑት። ኧረ አባባ፣ በግራ በኩል! አሁን ኬብሉን ከጀልባዋ ባትሪ ወደ ዊንቹ ይውሰዱት፤ ቀዩን በቀይ…”

“ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር። ይህንንማ አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ።”

“በአገጩ እያመለከተ ነው! አገጭ እጅ አይደለም ወይ?” አሉ ባለቤታቸው ከወንበራቸው።

“አገጭ ይፈቀዳል” ብላ ፈረደች ልጅቱ፤ ከንፈሯን ግን ሳቅ ያዘው።

ሽማግሌው በልባቸው ጸለዩና ቁልፉን ተጫኑ። ዊንቹ አጉረመረመ፤ ከዚያም በወፍራም ድምፅ ይጎትት ጀመር። ጀልባይቱ ውኃ እያንጠባጠበች ሽቅብ ወጣች። በቀረበች ቁጥር ኬብሉ እየረገበ፣ በመጨረሻ አፍንጫዋ የተሳቢውን የላስቲክ መቆሚያ ሳም አድርጎ ዐረፈ።

“ራሷን ጎተተች እኮ!” አለ አማቻቸው።

“ይህማ ለሁለት መጎተት ነው” አለች ልጅቱ። “ረዳት ነበረህ።”

“ሰው አይንካት ነው ያልሽኝ። ጀልባዋ ራሷን አትንካ አላልሽም።”

ልጅቱ አባቷን ከራስ እስከ እግር እንደ በሽተኛ መረመረቻቸው። አላላባቸውም፤ ወገባቸውም ቀጥ ብሎ ቆሟል። “እሺ፣ ያንተው ናት” አለችና ስልኳን አወጣች። “ለገዢው ሰውዬ አትሸጥም ብዬ ልንገረው።”

አማቻቸው እጁ ሲፈታለት መጀመሪያ የሮጠው ነጩን ቱቦ ሊነቅል ነው። ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

“ተወው ልጄ። መብራትማ በቀጭን ሽቦ ይበራል። ይህ ተሳቢ እኔ ዘንድ ከመጣ ጀምሮ የኋላ መብራት በርቶለት አያውቅም፤ መስመሩ ደግሞ እስከ ኋላ ደርሶልኛል።”

“ለዊንቹ ነገ ወፍራሙን አመጣለሁ።”

“በአቋራጭ?”

“በአቋራጭ። ይገተር።”

ባለቤታቸው ወንበራቸውን አጥፈው በብብታቸው ያዙና ወደ አማቻቸው ጠጋ አሉ። “እንግዲህ ወደ ሳሎኔ የምትመጣው መቼ ነው?” አሉት።