የሣጥኑ ማጠፊያ

ወንድሜ ኤልካና ልጁን ኤሌክታን ለአልቫ አልሰጥም ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። አልቫ በባላ እንጨት የከርሰ ምድር ውሃና የተቀበረ ሀብት ይፈልጋል። ይህ አልበቃ ብሎ፣ ነቢይ ነኝ የሚለው ያ የፓልማይራ ከተማ ወጣት መልአክ መርቶኝ ከኮረብታ ቆፍሬ አወጣሁት ያለውን፣ እንደ መጽሐፍ የተጠረዘ የወርቅ ሰሌዳ እኔም በእጄ አንስቼዋለሁ ይላል።

"በባላ የሚመራ ሰው ቃሉ ቃል ነው?" ይለኛል ኤልካና፣ ወጥ ቤቴ ገብቶ አይቤን እየቆረሰ።

"ያንተን የውሃ ጉድጓድ ማን አገኘልህ?"

"ውሃ የእግዜር ነው፣ እትዬ ኬዝያ።"

"ባላው ግን የአልቫ ነበር።"

ወንድሜ ሲረታ ይበላል። አይቡን አነሳሁበት።

አልቫን ስለ ሰሌዳው የማይጠይቀው የለም። ወጣቱ ከሰሌዳው ተረጎምኩት ያለው መጽሐፍ ታትሞ ከወጣ ወዲህማ ገበያ መውጣት አቅቶታል። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ "በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፣ አላየሁትም። አነሳሁት፣ ከባድ ነው። ገጾቹ በአውራ ጣቴ ሥር ሲንቀሳቀሱ ተሰምቶኛል።" የወጣቱ ተከታዮች መልአክ እንዲጨምርበት ይለምኑታል፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግሞ ጡብ ነበር እንዲል። እሱ አይጨምር፣ አይቀንስ። እኔን ራሴን ያናድደኝ ነበር፣ ወሬ ትንሽ ቅመም ይፈልጋላ!

ታዲያ ይህ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነቱ ባላን የሚያወግዝ ወንድሜ፣ በጎቹ የሚግጡበት ኮረብታ ውስጥ ድሮ ስፔኖች የቀበሩት ብር የሞላ ሣጥን አለ ብሎ ከልጅነቱ ጀምሮ ያምናል። በእኛ አገር የማያምን የለም። አንድ ቀን አላስችል ብሎት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ አልቫን ከነባላው አስጠራው።

የተቀበረ ሀብት የማውጣትን ሕግ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ቦታው ዙሪያውን በአሮጌ ጎራዴ ከተሰመረ በኋላ አንድ ሰው ቃል ቢተነፍስ ሣጥኑ ወደ ታች ይሰምጣል።

"እትዬ፣ አንቺ እንዳትመጪ" አለኝ ኤልካና፤ "አንቺ ካለሽ ሣጥኑ ሲኦል ድረስ ነው የሚወርደው።"

እልህ ይዞኝ ሄድኩ። አፌን በበቆሎ ቂጣ ሞልቼ ዳር ቆምኩ። ባላው አንዲት ጉቶ አጠገብ ወደ መሬት ጎንበስ አለ። አልቫና አንጥረኛው ናሆም ዝም ብለው ቆፈሩ፤ ኤልካና ትዕግሥቱ አልቆ አካፋውን ነጠቃቸው። ቂጣዬ ሊያልቅ ሲል አካፋው "ቋ!" አለ።

"ሃሌ ሉያ!" ብሎ ጮኸ ወንድሜ።

ሁላችንም ወንድሜ ላይ አፈጠጥን። እሱም አፉን በሁለት እጁ ያዘ፣ ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እስከ ቁርስ ድረስ ቢቆፈር ከጭቃና ከድንጋይ በቀር የተገኘ የለም። "ተንሸራተተ! ሲሰምጥ በእጄ ተሰማኝ!" እያለ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ አለ። እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ ከእንግዲህ ዝም ብል ምን ሊጠቅም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደር ገባ። ናሆም በዚያው ቀን ሣጥኑን አይቼዋለሁ፣ ክዳኑ የብረት ማጠፊያ ነበረው አለ፣ ሰንበት ሲደርስ ቁልፍ ጨመረለት። ናሆምን ደግሞ ማን ያምነዋል? ለሰላምታም ይዋሻል። ኤልካና በመንገድ ባለፈ ቁጥር ልጆች ከአጥር ጀርባ "ሃሌ ሉያ!" ይሉታል። ያ ኩሩ ሰው አንገቱን ደፋ። እንደዚያ ሳየው አንጀቴን በላኝ።

በዚህ መሀል ኤልካና አልቫን እኔ ወጥ ቤት ጠራው። ኤሌክታ ከእኔ ጋር አይብ እየጨመቀች ነበር።

"ስማኝ፣ ልጄ" አለው። ልጄ ብሎት አያውቅም። "ናሆምን የሚያምነው የለም። አንተ ስትናገር ግን..." ምራቁን ዋጠ፣ "አንተ ስትናገር ሰው ይሰማል። በሚመጣው ሰንበት ሕዝቡ ፊት ቆመህ 'ሣጥኑን ከነማጠፊያው አይቻለሁ' በል። እዚያው ጋብቻችሁ ይታወጃል።"

ቃሉ ቃል ነው ወይ ይል የነበረው ሰውዬ እኮ ነው!

የኤሌክታ እጅ አይቡ ላይ እንዳለ ቀረ። ስንቱን የትዳር ጠያቂ መልሳ የጠበቀችው ሰው ነው። "አዎ በል እንጂ፣ አንተ ድንጋይ!" አልኩ በልቤ። አንዲት ማጠፊያ ምን አላት?

አልቫ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። ኤሌክታን አያት፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ጋሼ፣ ቋ ሲል ሰምቻለሁ። ምን እንደሆነ ግን አላየሁም። ድንጋይም ቋ ይላል።"

"ልጄን እያጣሃት እንደሆነ ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል" አለ።

ኤልካና ጠረጴዛውን መታ። "እኔ ግን በእጄ ተሰምቶኛል! ስላላየሁት የለም ልትለኝ ነው? የገዛ እጁ የነካውን የማያውቅ ሰው አለ?"



"አባዬ" አለች ኤሌክታ ቀስ ብላ፣ "እሱስ ስለ ሰሌዳው 'አላየሁትም፣ በእጄ ግን ተሰምቶኛል' ከማለት ሌላ ምን አለ?"

ወንድሜ ካፈርኩ አይመልሰኝ ባይ ነው፤ ዛሬም በሩን በርግዶ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና አይቤን ቆረሰ። ሲረታ ይበላል አላልኩም?

"ለአንዲት ማጠፊያ ብሎ እሷን ለማጣት የቆረጠ ሰው" አለ እያኘከ፣ "እሷን አይዋሻትም። ይውሰዳት።" ከዚያ ጣቱን ወደ ሁላችንም ቀሰረ። "ሣጥኑ ግን ነበረ!"

ሰሌዳውን እኔ እስከ ዛሬ አላምንም፤ ጨርቁ ሥር ምን እንደነበረ እግዜር ይወቀው። አልቫን ግን አምነዋለሁ፣ ሁለቱ ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወንዶቹ ከወጡ በኋላ ኤሌክታን ጠየቅኳት።

"አልቫ አባትሽን አዎ ቢለው ኖሮስ?"

"አገባው ነበር፣ አክስቴ" አለችና አይቡ ላይ ጨው ነሰነሰች። "ግን እወድሻለሁ ባለኝ ቁጥር ያቺ ማጠፊያ ትዝ ትለኝ ነበር።"