ጫማዬን አድርጌያለሁ በላት

«ተቀመጥ እንጂ! ሰው እየገባ የት ልትሄድ ነው?» አለች የብረቱ ታላቅ እህት። ክንዱን ይዛ መልሳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

ለቅሶ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ብረቱ ሽንት ቤት እንኳ የሚሄደው አስፈቅዶ ሆኗል። ወንበሩን ከበሩ ፊት ለፊት አድርገውለታል፤ የሚገባው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ግራና ቀኙን የብየዳ ቤት ባልደረቦቹ ተቀምጠዋል። ብረቱ ብለው ስም ያወጡለትም እነሱ ናቸው፤ አንድ ቀን የጋለ ላሜራ በባዶ እጁ ይዞ «ውይ» ሳይል ቀርቶ ነው። ያኔ ኮርቶበት ነበር። አሁን ያው ስም ጉድ አደረገው። የመጣው ሁሉ «አንተማ ብረት ነህ፣ ትችለዋለህ» ይልና ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ወደ ሻዩ ይሄዳል። ‹ባትችለውስ?› ያለው አንድም ሰው የለም።

ሊሄድ የፈለገው ጓዳ ነው፣ ልጁ ጋ። ድንቡሼ ገና አራት ዓመቷ ነው። እናቷ በሞተች ዕለት አክስቷ፣ ያቺው የብረቱ እህት፣ እቅፍ አድርጋት «እማዬ ሩቅ አገር ስልጠና ሄዳለች፣ ከረሜላ ይዛልሽ ትመጣለች» አለቻት። ልጅቷ ዞር ብላ አባቷን አየችው። አባቷም ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ አድርጎ ነው የዋሻት፣ አንዲት ቃል እንኳ ሳይተነፍስ።

«ምስኪን፣ እስካሁን አላወቀችም አሉ» አለች ከኋላው አንዲት ጎረቤት፣ በሹክሹክታ።

«ይሻላል እቴ። ልጅ ምን ያውቃል? ትረሳዋለች» አለች ሌላዋ።

ሚስቱ ይህን ብትሰማ ከሞት ትነሳ ነበር። እድሜ ልኳን ስትጣላ የኖረችው ከዚህ ወሬ ጋር አይደል? የሕፃናት መዋያ አስተማሪ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ክፍሏ በር ላይ ትንበረከክና፣ ዓይኗን ከልጆቹ ዓይን እኩል አድርጋ፣ አንድ በአንድ ትጠይቃቸዋለች፦ «ዛሬ ሆድሽ ውስጥ ምን አለ?» አንዷ «ዝናብ» ትላለች። አንዱ «አንበሳ» ይላል። አንበሳ ያለበትን ልጅ፣ አንበሳው እስኪደክመው ድረስ ግድግዳውን በሁለት እጁ እንዲገፋ ታደርገዋለች። ዝናብ ያለባት ደግሞ ጭኗ ላይ ቁጭ ትላለች፤ እስኪያባራ ድረስ «አይዞሽ፣ በቃ ዝም በይ» የሚላት የለም።

አንድ ጊዜ ብረቱ የመዋያውን የብረት በር ሊበይድ ሄዶ ይህን አየና በሳቅ ሞተ። ማታ ቤት ሲገቡ፣ «ደሞዝ የሚከፍሉሽ የሰው ሆድ እንድትጠይቂ ነው እንዴ?» አላት።

እሷም ሳቀች። «አንተስ? አንተን ማን ጠይቆህ ያውቃል? ሆድህ ውስጥ ምን አለ?»

«እራት ነዋ!»

ሳቋን አቆመችና አየችው። ቶሎ ብሎ ወሬ ቀየረ። ለምን እንደቀየረ እስከ ዛሬ አያውቅም።

አሁን የሆዱን ያውቀዋል። ቢያውቀውም ለማንም አይናገረውም፤ ወደ ጓዳ ለመሄድ ከልቡ ያልታገለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለራሱ ‹እህቴ ከለከለችኝ› ይላል እንጂ፣ ሁለት እጥፏ የሚሆን ሰው በእሷ ክንድ ሦስት ቀን ሙሉ ይታሰራል?

ነገሩ የሆነው ሚስቱ በሞተችበት ዕለት ጠዋት ነው። እናትና ልጅ ሁሌ አብረው ነው ወደ መዋያው የሚሄዱት። የዚያን ቀን ግን ድንቡሼ ጫማዬን አላደርግም ብላ መሬት ላይ ተዘረረች። እናቷ ጠበቀች፣ አባበለች፣ እንደገና ጠበቀች። በኋላ ሰዓት ሲረፍድባት፣ «እሺ፣ ተቆጥተሻል። መቆጣት ይቻላል። አባትሽ ያመጣሻል» ብላ ብቻዋን ወጣች። መንገዱን ስትሻገር መኪና ገጫት። ልጅቷ ጫማዋን አድርጋ ቢሆን ኖሮ፣ አምስት ደቂቃ ቀድመው ተሻግረው ነበር። ብረቱ ይህን ማሰብ ማቆም አቅቶታል። በአራት ዓመት ልጅ ላይ ምነው እንዲህ ያለ ሐሳብ፣ እያለ ራሱን ይረግማል። ከዚያ መልሶ ያንኑ ያስባል።

በዚህ መሀል የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ።

ድንቡሼ የሌሊት ልብሷን ለብሳ ወጣች። እግሯ ላይ ግን ጫማ አለ፤ ቀኙ በግራ፣ ግራው በቀኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አላወለቀችውም፤ ስትተኛ እንኳ። አክስቷ «የእናቷን እልህ ይዛ» እያለች ስታማርር ከርማለች። ልጅቷ በሰዎቹ ጉልበት መሀል እየተሽሎከለከች መጥታ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ለእማዬ ደውልላት። ጫማዬን አድርጌያለሁ በላት።»

የሻይ ብርጭቆ የያዘ ሁሉ እጁ ባለበት ቀረ።

«ነይ የኔ ማር፣ ነይ ከረሜላ ልስጥሽ!» ብላ አክስቷ ተንደረደረች። ብረቱ ግን ቀድሟት ተነስቷል። ልጁን አቅፎ መንገድ ጀመረ።

«አንተ! ምን ልትላት ነው? ሕፃን እኮ ናት!»

ጓዳ ገባና ከመጋረጃው ኋላ ያለውን በር ዘጋ። ልጁን አቁሟት፣ በሩን በጀርባው ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ተቀመጠ። አሁን ዓይናቸው እኩል ሆነ።

«ድንቡሼ፣ ሆድሽ ውስጥ ምን አለ?»

ከእሱ አፍ ሰምታው ስለማታውቅ ትክ ብላ አየችው። «ድንጋይ» አለች።

«እኔም ጋ አለ። ስሚኝ። እማዬ ስልጠና አልሄደችም፤ ዋሽተንሻል። መኪና ገጫትና ሞተች።»

«መቼ ትመጣለች?»

«አትመጣም። የሞተ ሰው አይመጣም፣ የኔ ልጅ።»

ጫማዋን አየች። «ጫማዬን ስላላደረግኩ ነው?»

ሦስት ቀን አፍኖ የያዘው ነገር በእሷ ቀጭን ድምፅ ሲወጣ ሰማውና ዘገነነው። ይህን ክፉ ነገር ለካ ብቻውን አልተሸከመውም፤ ይቺም ጫማዋን አድርጋ እየተኛች ስትሸከመው ከርማለች።

«አይደለም!» አለ። ድምፁ ጮኸበትና ዝቅ አደረገው። «አይደለም። ሹፌሩ ነው ሲከንፍ የመጣው። አንቺ ተቆጣሽ፣ ልጅ ይቆጣል። እማዬ አልተቀየመችሽም። ስትወጣ እየሳቀች ነበር። ‹እልኸኛዬን አደራ› ነው ያለችኝ።»

እውነቱን ነው፤ ብላዋለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላስታወሰውም ነበር።

ድንቡሼ አፏን ከፈተች፤ ድምፁ ግን ዘግይቶ መጣ። ሲመጣ ቤቱን አናወጠው። መሬት ላይ ተወራጨች፣ በእግሯ ጉልበቱን ደበደበችው፣ እጁን ነከሰችው።

በሩ ተንኳኳ። «ክፈት! ልጅቷን ልትገድላት ነው?»

«ተዪያት እትዬ! ታልቅስ!» አለ ብረቱ። ሌላም ሊል ፈልጎ ነበር፤ ግን ‹ታልቅስ› ያለበት አፉ እንደተከፈተ ቀረና እሱም ማልቀስ ጀመረ። እንደ ትልቅ ሰው እንባውን እየጠረገ አይደለም፤ ንፍጡ እየወረደ፣ ትከሻው እየዘለለ ነው። በሩን ማንኳኳቱ ቆመ።

ብዙ ቆዩ። ለቅሶዋ እየሳሳ ሄዶ ስቅታ ብቻ ሲቀር፣ «ውሃ» አለች።

ከጆጎው ቀድቶ ሰጣት። ግማሹን ጠጣችና ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እሱ ዘረጋች።

«ጠጣ።»

«አልጠማኝም፣ የኔ ቆንጆ።»

«አልቅሰሃል እኮ» አለች ስቅታዋ መሀል። «ያለቀሰ ሰው ውሃ መጠጣት አለበት። እማዬ ናት ያለችው።»

ተቀበላትና ጠጣ። እሷም ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን ድረስ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው።